አባቴ ፓርኪንሰን አለበት፤ እኔና ወንድሞቼስ? እንመርመር ወይስ እንተወው?

የጥያቄ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 63 ዓመቱ ነው። በቅርቡ ሕመሙ ፓርኪንሰን መሆኑ ተነገረን። ምልክቱ ግን ከዚያ በፊትም ነበር። ሲራመድ ግራ እጁ አይወዛወዝም፤ ከጎኑ ተጣብቆ ይቀራል። ሸሚዝ ሲቆልፍ የላይኛዋ ቁልፍ ላይ ይቆማል። ጣቶቹ ቁልፏን ይይዟታል፣ ወደ ቀዳዳዋ ያስጠጓታል፣ ግን አያሳልፏትም። ሲጽፍም የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ፊደል ደህና ነው፤ ወደ መጨረሻው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ለማንበብ ያስቸግራል።

አሁን እኛ ቤት የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። በዘር ነው ወይ? የአባቴ ታላቅ ወንድምም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳይመረመር ነው ያረፈው። እኔ 34 ነኝ። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። አንደኛው «ነገውኑ እንመርመር» ይላል። ሌላኛው ወሬው ሲነሳ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። ምራቅ ተቀብለው የዘረ-መል ውጤት የሚልኩ ድርጅቶች እንዳሉም አንብቤያለሁ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዱኝ።

አንባቢ7

አይዞሽ እህቴ። እኔ እስከማውቀው ወላጅ ካለበት ልጅ ላይ የመድረሱ ነገር ሃምሳ በሃምሳ ነው። ጂኑ ካለ ደግሞ በሽታው መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ቶሎ መመርመሩ ነው የሚሻለው።

ነጭ ገዋን

አንባቢ7፣ ያልከው የሃንቲንግተን በሽታን ነው። እሱም እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ስለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። ሃንቲንግተን የሚመጣው በአንድ ጂን ነው። ወላጅ ካለበት ልጁ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በጂኑ ውስጥ ተደጋግሞ የሚጻፈው አጭር የፊደል ቁራጭ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተደገመ፣ ሰውየው በቂ ዕድሜ እስከኖረ ድረስ በሽታው ይመጣል። ፓርኪንሰን እንዲህ አይደለም።

የጥያቄ ልጅ፣ እኔ የነርቭ ሐኪም ነኝ። ካርድ ክፍል ሳይደርሱ ኮሪደር ላይ የሚያስቆሙኝ ልጆች ሁሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አብዛኛው የፓርኪንሰን ታማሚ በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ታማሚ የለውም። ያላቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ናቸው። አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የመያዝ ዕድሉ ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ላይ ሲኖር ይህ ዕድል ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። «ሦስት እጥፍ» ሲባል ያስደነግጣል። ስሌቱን ግን እስከ መጨረሻው አስቢው። እንደ አንቺ ወላጅ ከታመመባቸው መቶ ሰዎች ከዘጠና በላዩ በሽታውን ሳያዩት ይኖራሉ።

ስለ አጎትሽ ግን ልጠይቅሽ። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው መቼ ነበር? ቁጭ ብለው እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ ሳለ? ወይስ ኩባያ ሲያነሱ፣ ሲፈርሙ? አንድ እጅ ነበር ሁለቱም?

የጥያቄ ልጅ

ኩባያ ሲያነሳ ነበር። ሁለቱም እጆቹ። ኩባያው ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ይብስበታል፤ ስለዚህ ግማሽ ብቻ እየሞላን ነበር የምንሰጠው። አርፎ ሲቀመጥ እጆቹ ጸጥ ይላሉ። ራሱም «አይሆንም» እንደሚል ሰው ወዲህ ወዲያ ይል ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ ነው ይባላል። አካሄዱ ግን ምንም አልነበረውም።

ነጭ ገዋን

እንግዲያው የአጎትሽ ነገር ፓርኪንሰን አይመስልም። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የሚወርድ ሌላ የመንቀጥቀጥ ሕመም አለ፤ ኢሴንሻል ትሬመር ይባላል። እጅ ሥራ ሲይዝ ይነሳል፣ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ ራስንና ድምፅንም ሊጨምር ይችላል። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ደግሞ በአብዛኛው እጅ ባረፈበት ነው የሚታየው፤ በአንድ ወገን ይጀምራል። ዋናው ምልክቱም መንቀጥቀጡ ሳይሆን የእንቅስቃሴው መዘግየት ነው። አባትሽ ቁልፍ ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

በሩቅ ሆኜ ሰው አልመረምርም። ግን የቤተሰብ ታሪክ ስትሰጪ አጎትሽን «ፓርኪንሰን ነበረበት» ብለሽ አታስመዝግቢ። ያየሽውን እንዳየሽው ተናገሪ፤ አሁን ለእኔ እንደነገርሽኝ። አንድ በስህተት የተቆጠረ ዘመድ ስሌቱን ሁሉ ያዛባዋል።

ሳልረሳው፦ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልና ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ፓርኪንሰን የሚመስል ምልክት ያመጣሉ። ያኛው ከዘር ጋር አይገናኝም፤ መድኃኒቱ ሲቆም በአብዛኛው ይሻላል። አባትሽ የሚወስዱትን ሁሉ ሐኪማቸው ይወቅ። በራሳችሁ ግን ምንም እንዳታስቆሟቸው።

ጂንና ላብ

እኔ የምሠራው የዘረ-መል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የጂኑን ነገር ልቀጥልበት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዙ ተመራማሪዎች ፓርኪንሰን ከዘር ጋር ግንኙነት የለውም ብለው ያምኑ ነበር። ያንን እምነት የሰበረው መነሻው ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ካለችው ኮንቱርሲ የሆነ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ነው። በዚያ ቤተሰብ በሽታው ትውልድ ሳይዘል ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። በ1997 ጥፋቱ ክሮሞዞም 4 (ክሮሞዞም ጂኖች የተደረደሩበት ክር ነው) ላይ፣ ኤስኤንሲኤ በተባለ ጂን ውስጥ ተገኘ። ጂኑ የሚያመርተው አልፋ-ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የታማሚዎችን አንጎል አዩ። በተጎዱት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚታየው፣ የሌዊ አካል የሚባለው ክምችት በዋናነት የተሠራው ከዚሁ ፕሮቲን ነበር።

ይህ ነገር ዛሬም ይደንቀኛል። የኮንቱርሲው ሚውቴሽን፣ ማለትም የጂን ለውጥ፣ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ፕሮቲኑ ግን በዘር ሐረጉ ውስጥ አንድም ታማሚ በሌለው ሰው አንጎል ውስጥ ሳይቀር ተከማችቶ ይገኛል። የአንድ ቤተሰብ መከራ የሚሊዮኖችን በሽታ ለመረዳት በር ከፈተ።

በ2003 እና በ2004 ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ጂኑ ምንም ስህተት ሳይኖርበት ቅጂው ብቻ የበዛባቸው ቤተሰቦች ተገኙ። በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ጂኑ ሁለት ጊዜ የተደገመባቸው ሰዎች ይታመማሉ። ሦስት ጊዜ የተደገመባቸው ደግሞ በወጣትነታቸው፣ በርትቶ ነው የሚይዛቸው። ጤናማ ፕሮቲን እንኳ ከልክ ሲያልፍ ሕዋሱን ይጎዳል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጂኖቹ ተራ በተራ መጡ። ሁሉንም አልዘረዝርም። የጥያቄ ልጅ፣ በአባትሽ ዕድሜ ለታመመ ሰው በዋናነት የሚታሰቡት ሁለቱ ናቸው።

አንዱ ላርክ-2 ነው። ክሮሞዞም 12 ላይ ነው ያለው፤ ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት በ2004 ታወቀ። በጣም የሚታወቀው ሚውቴሽኑ ጂ2019ኤስ ይባላል። ጂኑ የሚሠራውን ኢንዛይም ከልኩ በላይ ያተጋዋል። በሰሜን አፍሪካ በርበሮችና አረቦች ዘንድ ከሦስት ታማሚ ከአንዱ በላይ ላይ ይገኛል። በአሽኬናዚ አይሁዶችም ብዙ ነው። በሌላው ዓለም ግን ጥቂት ነው። ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ የወረሰ ሁሉ ግን አይታመምም። እስከ 80 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የመታመም ዕድሉን አንዱ ጥናት 25 በመቶ ገደማ ሲለው ሌላው ከ70 በመቶ በላይ ያደርገዋል። እንዲህ የሚራራቀው ጥናቶቹ ሰው የሚመርጡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። በሽታው የበዛበትን ቤተሰብ ብቻ ከሰበሰብሽ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አንብባችሁ አትደንግጡ።

ሌላው ጂቢኤ1 ነው። በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ትልቁ የዘር ተጋላጭነት ይህ ነው፤ ከታማሚዎች ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ታሪኩ የጀመረው ከሌላ በሽታ ነው። የጂቢኤ1 ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ሰው ጎሼ የሚባል በሽታ ይይዘዋል፤ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፣ አጥንት ይጎዳል። የጎሼ ታማሚዎችን የሚከታተሉ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። ፓርኪንሰን በታማሚዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በዘመዶቻቸውም ላይ ይበዛል። ዘመዶቹ የተበላሸ ቅጂ ያላቸው አንድ ብቻ ነው፤ ጎሼ የለባቸውም። በ2009 ከብዙ አገር የተሰበሰበ መረጃ ሲተነተን፣ የጂኑ ለውጥ በፓርኪንሰን ታማሚዎች ላይ የመገኘቱ ዕድል ከሌላው ሰው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱም ይህ ጂን የሚያመርተው ኢንዛይም ሥራውን የሚያከናውነው ላይሶዞም ውስጥ ነው፤ የሕዋሱ ቆሻሻ የሚፈጭበት ክፍል ነው። እሱ ሲደክም አልፋ-ሲኑክሊንም አብሮ ይከማቻል።

ከእነዚህ ሌላ እያንዳንዳቸው ተጋላጭነትን በጥቂቱ ብቻ ከፍ የሚያደርጉ ብዙ የዘረ-መል ነጥቦች አሉ። በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት 90 ቆጥሯል። ሁላችንም ከእነዚህ የተወሰኑትን እንሸከማለን። ብቻቸውን የማንንም ዕጣ አይወስኑም።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ መሃል ገባሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም ሲረጭ የኖረ ሰው ነው። 58 ሲሆነው ፓርኪንሰን ያዘው። በዘራችን ሌላ የለም። እኔ ነገሩ ሁሉ ከኬሚካሉ ነው ብዬ ነው የማምነው። ጂን ጂን ሲባል ያናድደኛል፤ ጥፋቱን ታማሚው ደም ላይ የሚጥሉ ይመስለኛል።

ነጭ ገዋን

አዲስ ገቢ፣ ንዴትህ ገብቶኛል። ኬሚካሉም ቀላል ነገር አይደለም። ፓራኳትና ሮቴኖን የሚባሉት ፀረ-አረምና ፀረ-ተባይ፣ ብረት ለማጽዳት የሚውለው ትራይክሎሮኢቲሊንም ከፓርኪንሰን ጋር እንደሚያያዙ ጥናቶች አሳይተዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሆነውን ደግሞ እኛ ሐኪሞች ሁሌም እናስታውሰዋለን። ኤምፒቲፒ በተባለ ነገር የተበከለ ዕፅ በመርፌ የወሰዱ ወጣቶች በቀናት ውስጥ ደርቀው መንቀሳቀስ አቃታቸው። ኬሚካሉ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመርቱትን የአንጎል ሕዋሳት ለይቶ ገደላቸው። የሕዋሱን ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም ኃይል የሚያመነጭለትን ክፍል፣ የሚያንቅ መርዝ ነው። ፓርኪንና ፒንክ1 የሚባሉት ጂኖችም ሥራቸው የተጎዳ ሚቶኮንድሪያን ማስወገድ ነው። እንግዲህ መርዙም ጂኑም አንድ በር ላይ ነው የሚገናኙት።

የመንታዎች ጥናትም አለ፤ በ1999 የወጣ። ከ50 ዓመት በኋላ ለሚጀምረው ፓርኪንሰን፣ ፍጹም ተመሳሳይ ዘር ያላቸው መንታዎች ሁለቱም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ መንታዎች እምብዛም አልተለየም። ከ50 በፊት ለሚጀምረው ግን ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። በወጣትነት ሲመጣ የዘሩ ድርሻ ይከብዳል። በዕድሜ ሲመጣ ዕድሜው ራሱ፣ የኖርንበት አካባቢና ብዙ ጥቃቅን ጂኖች ተደማምረው ነው።

ደግሞ ወንድሜ፣ ጂን ማለት ጥፋት አይደለም። ማንም መርጦ አልወረሰውም።

ቀኝ እጅ

እኔ ታማሚ ነኝ። 38 ዓመቴ ላይ ነው የጀመረኝ፤ አሁን 52 ነኝ። በቀኝ እግሬ ነበር የጀመረው። ጠዋት የመጀመሪያዋን ኪኒን ከመዋጤ በፊት አውራ ጣቴ ወደ ላይ ይቆማል፣ የቀሩት ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ቁርጭምጭሚቴ ይጠመዘዛል። ጫማ ማድረግ አይታሰብም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ኪኒኑ፣ ማለትም ሌቮዶፓው፣ ሲሠራ መጀመሪያ ትንሿ ጣት ትለቃለች፣ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ አውራ ጣት መጨረሻ ላይ ነው።

እናትና አባቴ ጤነኞች ናቸው። ስለዚህ «በዘር ሊሆን አይችልም» ይሉኝ ነበር። ተመርምሬ የፓርኪን ጂን ሆነ። ሁለቱም ወላጆቼ አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ኖረዋል፤ አንዱ ጤናማ ስለነበር አልታመሙም። እኔ ላይ ሁለቱም የተበላሹት ተገናኙ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ወንድሞቼና እህቴ ደህና ናቸው።

የታመመ ዘመድ የሌለው ሁሉ ሕመሙ ከዘር ውጭ ነው እንዳትሉ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ጂንና ላብ

እናመሰግናለን ወንድሜ፤ በትክክል ነው ያስቀመጡት። የፓርኪን ጂን በ1998 ጃፓን ውስጥ ነው የተገኘው። እንደ እርስዎ በወጣትነት ይጀምራል፣ ቀስ ይላል፣ ለሌቮዶፓ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፣ የማስታወስ ችሎታንም እምብዛም አይነካም። የእግር መጠማዘዙም የተለመደ ነው። ልጆች ካሉዎት ሁሉም አንድ ቅጂ ወርሰዋል፤ የትዳር አጋርዎ የተበላሸ ቅጂ ከሌላቸው በስተቀር ግን በዚህ ጂን አይታመሙም።

ቀኝ እጅ

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ባለቤቴም ተመርምራ ነጻ ሆናለች። ያንን ወረቀት ያገኘሁ ቀን እንቅልፍ ተኛሁ። ለዚህ ነው «እወቁት» የምለው።

ታላቅ እህት

እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ሳላከብርዎ አይደለም። እርስዎ ታማሚ ነዎት፤ ማወቅዎ መልስ ሰጠዎት። የጥያቄ ልጅ ግን ጤነኛ ናት። እናቴ ይህ በሽታ ነበረባት፤ ተንከባክቤ ቀብሬያታለሁ። ሐኪሙ «ልትመረመሪ ትችያለሽ» ሲለኝ አንድ ነገር ጠየቅኩት። ካለብኝ ምን ትሰጠኛለህ? ምንም አለኝ። እንዲያ ከሆነ ዕቃ ከእጄ በወደቀ ቁጥር «መጣ» እያልኩ ልኖር አልፈልግም። ክፍሉን ጥሎ የሚወጣውን ወንድሟን አትግፉት። አለማወቅም መብት ነው።

አንባቢ7

ማወቅ ግን ለመዘጋጀት አይጠቅምም? የጉግሉ ሰርጌይ ብሪን በ2008 የላርክ-2 ተሸካሚ መሆኑን በይፋ ተናግሮ የለ? እናቱም ታማሚ ነበሩ። እሱ ስፖርት ጨመረ፣ ለምርምሩም ብዙ ገንዘብ ሰጠ።

ታላቅ እህት

ስፖርት ለመሥራት የጂን ውጤት አያስፈልግም። እኔ ሳልመረመር በየቀኑ እሄዳለሁ።

ነጭ ገዋን

እዚህ ላይ ከታላቅ እህት ጋር ነኝ። እንቅስቃሴ የሚያዘወትሩ ሰዎች በሽታው የሚይዛቸው ባነሰ ቁጥር ነው፤ ለታመመም ከመድኃኒት ቀጥሎ የማዝዘው እሱን ነው። ለዚህ ጂን ማየት አያሻም። በሽታው እንዳይመጣ የሚከላከል መድኃኒት ደግሞ ዛሬ የለም። ምርመራውን የምደግፈው በዋናነት ለታመመው ሰው ነው። ምክንያቱም በላርክ-2 እና በጂቢኤ1 ላይ ያነጣጠሩ መድኃኒቶች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው፤ ጂኑን የማያውቅ ታማሚ አንዳንዶቹ ሙከራዎች ውስጥ መግባት አይችልም።

የጥያቄ ልጅ፣ ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አንቺም ወንድሞችሽም አትመርመሩ። መጀመሪያ አባትሽ ይመርመሩ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ። እሳቸው ላይ ምንም ካልተገኘ እናንተ ላይ መፈለጉ ትርጉም የለውም። ከተገኘ ደግሞ ምን እንደሚፈለግ ይታወቃል። ጤነኛውን ልጅ ቀድሞ መርምሮ «ምንም የለም» ማለት አባትየው ላይ የነበረው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ባዶ መልስ ነው።

ጂንና ላብ

ስለ ምራቁ ምርመራ ደግሞ እኔ ልጨምር፤ ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። በፖስታ የሚላኩት ብዙዎቹ የሚያዩት ጥቂት ነጥቦችን ነው። አንዱ በሰፊው የሚሸጠው ምርመራ ለፓርኪንሰን የሚያየው ሁለት ብቻ ነው፤ አንድ ከላርክ-2፣ አንድ ከጂቢኤ1። ሁለቱም በተወሰኑ ሕዝቦች ዘንድ የሚበዙ ናቸው። ከሌላ ሕዝብ ለሆነ ሰው «አልተገኘም» የሚለው መልስ ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አንብቦ ስህተት የለበትም እንደማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የፓርኪንሰን ዘረ-መል ጥናት ለብዙ ዓመት የተሠራው በአብዛኛው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ስለሆነ ነው። በ2023 ናይጄሪያውያንንና አፍሪካ-አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት ሲወጣ፣ በጂቢኤ1 ውስጥ ከዚያ በፊት ማንም ያልጠበቀው ለውጥ ተገኘ። አንድ ቅጂ ያለው ሰው የመያዝ ዕድሉ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ሁለት ቅጂ ያለው ደግሞ ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ለውጡ ፕሮቲን በሚጻፍበት የጂኑ ክፍል ውስጥ አይደለም፤ በመሃል ባለው፣ ተቆርጦ በሚወጣው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ፕሮቲን የሚጻፍበትን ክፍል ብቻ የሚያነብ ምርመራ ያልፈዋል። በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ የለም ማለት ይቻላል። የሁሉም አፍሪካዊ ጉዳይ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ግን ሌላ ሕዝብ ውስጥ ቢፈለግ ገና ምን እንደሚገኝ አስቡት።

ጂቢኤ1 ሌላም ጣጣ አለው። ክሮሞዞም 1 ላይ አጠገቡ የማይሠራ ግልባጩ ተቀምጧል፤ 96 በመቶ ይመሳሰላሉ። ንባቡ ሁለቱን ካደባለቀ የሌለ ለውጥ አለ ሊል፣ ያለውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ምርመራ ስታዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ጂቢኤ1ን ከግልባጩ ለይታችሁ ነው የምታነቡት?» መልስ ያለው ላቦራቶሪ ወዲያው ይመልሳል።

ተስፋችሁንም ልክ ላድርገው። በብዛት ከሰሜን አሜሪካ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎች ሰባት ጂኖቻቸው ታይቶ ምክንያት የሚሆን ለውጥ የተገኘው 13 በመቶው ላይ ነው። ከአባትሽም «ምንም አልተገኘም» የሚለውን መልስ መስማታችሁ የሚበልጥ ዕድል ነው።

የጥያቄ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጻፋችሁልኝ በኋላ ከአባቴ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። «ለእናንተ የሚጠቅም ከሆነ ደሜን ውሰዱ» አለ። የዘረ-መል አማካሪ አነጋገረን፤ ከዚያ ደም ሰጠ። ውጤቱ መጥቷል። ጂቢኤ1 ነው። ለውጡ ኤል444ፒ ይባላል። ሌላው ጂን ሁሉ ንጹህ ነው።

አባቴ ወረቀቱን ሲያይ ስለራሱ አልጠየቀም። «ልጆቼ ላይ ምን ያህል ነው?» ነው ያለው። ደግሜ እናንተን ልጠይቅ።

ነጭ ገዋን

መጀመሪያ ስለ እሳቸው። ኤል444ፒ ከጂቢኤ1 ለውጦች ከበድ ከሚሉት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ያላቸው ታማሚዎች የማሰብና የማስታወስ ችግር ቀደም ብሎ ሊመጣባቸው ይችላል። ይመጣል ማለት አይደለም፤ ሐኪማቸው በየጊዜው ይፈትሻቸው ማለት ነው። አንድ ቀን የአንጎል ውስጥ ማነቃቂያ ቀዶ ሕክምና ቢታሰብላቸው ይህ ውጤት ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ በጂቢኤ1 ተሸካሚዎች ዘንድ ከዚያ ሕክምና በኋላ የማሰብ ችሎታ ፈጥኖ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። አምብሮክሶል የሚባል የሳል መድኃኒት የዚህን ጂን ኢንዛይም ያግዝ እንደሆነ በትልቅ ሙከራ እየታየ ነው። ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩላቸው። በሙከራው የሚሰጠው መጠን ለሳል ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል፤ ይጥቀም አይጥቀም ገና መልስ አልተገኘም።

ስለ እናንተ። እያንዳንዳችሁ ለውጡን የመውረስ ዕድላችሁ 50 በመቶ ነው። ከወረሱት ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት በጥናቶቹ ከ10 እስከ 30 በመቶ ነው። የወረሰው እንኳ አብዛኛው አይታመምም። ለአባትሽ ይህንኑ ንገሪያቸው፤ ቁጥሩን በትክክል ይስሙት።

ታላቅ እህት

እግዚአብሔር ይማርልሽ። ምልክት መፈለግ እንዳትጀምሪ ብቻ። ዶክተር፣ ምን ሲያዩ ነው ሐኪም ጋ መሄድ ያለባቸው? ይህን ለእኔም ንገረኝ።

ነጭ ገዋን

የማሽተት ችሎታ ያለ ጉንፋን እየጠፋ ከሄደ፣ በተለይ ደግሞ በእንቅልፍ ልብ ሕልሙን እየተገበረ የሚጮህ፣ የሚራገጥ፣ አጠገቡ የተኛውን የሚመታ ሰው ካለ ይታይ። ይህ የእንቅልፍ ችግር መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ብቻውን የሚመጣ የሆድ ድርቀት ግን እልፍ ምክንያት አለው፤ በእሱ አትጨነቁ። በ34 ዓመት ዕድሜ ዕቃ ከእጅ መውደቅም ምልክት አይደለም።

የጥያቄ ልጅ

ቸኩሎ የነበረው ወንድሜ ቁጥሩን ሲሰማ ለጊዜው ተወው። ክፍሉን ጥሎ የሚወጣው ግን ገርሞኛል፤ ተቀምጦ ሰማ፣ ከዚያ «እኔ ልመረመር እፈልጋለሁ» አለ። በቅርቡ ሊያገባ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ያለችኝ ደግሞ እኔ ነኝ። እሷን ላስመርምራት?

ጂንና ላብ

ልጅሽን አታስመርምሪያት። በአዋቂነት ለሚመጣና ዛሬ መከላከያ ለሌለው በሽታ ሕፃን አይመረመርም፤ በዘርፉ ያሉ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ነው። ስታድግ ማወቅና አለማወቁን ራሷ ትመርጣለች።

የወንድምሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምርመራው ከፓርኪንሰን ይልቅ ለጎሼ ይጠቅመዋል። እሱ ኤል444ፒን ወርሶ እጮኛውም የጂቢኤ1 ለውጥ ካላት፣ እያንዳንዱ ልጃቸው ሁለቱንም ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሁለት ቅጂ ኤል444ፒ ደግሞ የነርቭ ጉዳት ያለበትን ከባዱን የጎሼ ዓይነት የሚያመጣ ነው። እሱ ነጻ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ እጮኛው መመርመር አያስፈልጋትም። ስለዚህ ቀድሞ እሱ ይመርመር። ሲሄድ የአባታችሁን ውጤት ቅጂ ይዞ ይሂድ፤ ላቦራቶሪው የትኛውን ለውጥ እንደሚፈልግ በስሙ እንዲያውቅ። አማካሪው ጋም እጮኛውን ይዟት ይግባ፤ ከወረቀቱ በፊት ከባለሙያው አፍ ብትሰማው ይሻላታል።